የሚጠራ ድንጋይ ፍለጋ ወደ እንጅባራ

ሰኞ ንጋት፣ ዳንግላ

ቆፈኑ ጣት ያደነዝዛል። ከቄሰ ገበዝ ጥሩነህ ጋር ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ፣ በጨው ጆንያ መካከል ተቀምጠናል። የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ደወል በሚያዝያ ተሰንጥቆ ወደቀ፤ ምትክ ፍለጋ መሄዳችን ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ፤ ለክረምት ዕረፍት ብመጣ ተጠመድኩ።

እውነቱን ለመናገር የምሄደው ለእናቴ ስል ነው። ዓይኗ ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆነው። በሰው እጅ መመራት ስለምትጠላ፣ ቤተ ክርስቲያን የምትስመው የደወሉን ድምፅ ተከትላ ብቻዋን ነበር። ከተሰበረ ወዲህ ከደጃፍ አልወጣችም። "ልያዝሽ እምዬ" ብላት፣ "በሬ ነኝ እንዴ የምትጎትተኝ?" አለችኝ።

ረፋድ፣ አዲስ ቅዳም

ቅቅል ድንች በአሥር ሳንቲም ገዝተን እየላጥን በላን። ሾፌሩ ሳቀብን።

"ድንጋይ ፍለጋ መኪና የሚሳፈር ሰው ዛሬ ገና አየሁ። አገራችሁ ድንጋይ ጠፋ?"

"ሞልቷል ልጄ፤ ዱዳ ነው እንጂ" አሉት ቄሰ ገበዝ።

በትግሬ በኩል እንደ መጽሐፍ ቅጠል የሚገለጥ ድንጋይ አለ ይባላል። የእኛ ድብልብል ነው። ሳሳ ብሎ የሚወጣው ከእንጅባራ ወዲያ፣ አንድ ገደል ላይ ነው ብለውናል።

ማክሰኞ፣ ገደሉ ሥር

ከእንጅባራ በፈረስ፣ ጭቃውን እየሰነጠቅን ደረስን። ድንጋይ ፈላጩ አያ ፈንታ ሽማግሌ ናቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር በአውኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ይጨዋወታሉ። በድንጋዩ ስንጥቅ ደረቅ የወይራ ሽብልቅ መትተው ውኃ ያጠጡታል። እንጨቱ ሲያብጥ ድንጋዩ እንደ ሳንቃ ይላቀቃል።

እኔ ጥቁሩንና ትልቁን መረጥኩ። አያ ፈንታ በጠጠር መቱት፤ ድምፁ ድፍን ነው።

"የቀድሞው እንዴት ነበር የሚጠራ? እስቲ አሰማኝ" አሉኝ።

ሥሩ አድጌ ድምፁን ረስቼዋለሁ፤ አፈርኩ። ቄሰ ገበዝ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ዴኢኢን" ብለው በረጅሙ አዜሙ። አያ ፈንታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና ከድንጋይ ድንጋይ እየመቱ ሄዱ። ብዙ ከሞከሩ በኋላ ጠርዙ የተሸረፈ፣ መልከ ጥፉ ድንጋይ ላይ ቆሙ።

"ድምፁ ትንሽ ይቀጥናል። ከዚህ የሚቀርብ የለኝም።"

ወሰድነው። ልቤ ግን አልረጋም፤ እናቴ ካላወቀችውስ?

ሐሙስ፣ መልስ

ድንጋዩ በቄሰ ገበዝ ጋቢ ተጠቅልሎ መካከላችን ተቀመጠ። እሳቸው በብርድ ይንቀጠቀጣሉ። ነጠላዬን ብሰጣቸው እሱንም ደረቡለት። ከዳንግላ እስከ መንደራችን በጋሪ አደረስነው።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ፣ ቤት

ለእምዬ ምንም አልነገርኳትም። መደቡ ላይ እንደተቀመጠች ድንጋዩ ተመታ። ቀና አለች።

"የእኛ አይደለም" አለች።

ድንጋዩ ደግሞ ተመታ።

"ገና ልጅ ነው፤ ድምፁ አልጎረመሰም" አለችና በእጇ ግድግዳውን ዳበሰች። "ምርኩዜን የት አደረጋችሁብኝ?"

አቀበልኳት። ክንዷን ልይዝ ስል፣ "ተው ልጄ፣ እየጠራኝ ነው" አለች።

ጥቂት ርቄ ተከተልኳት። አጥሩ ጥግ ስትደርስ ቆመች። ድንጋዩ እስኪደገም ጠብቃ ወደ ግራ ታጠፈች። የጥሪው ሰዓት አልፏል፤ ቅዳሴው ሊገባ ነው። ቄሰ ገበዝ ግን እጇ የቅጽሩን በር እስኪነካ ድረስ መምታታቸውን አላቆሙም።