ያለ ቁጥር የመጣ ሰው

በቀል የእግዚአብሔር ነው ይላሉ። ይሁን፤ እኔ ግን ለአንድ ቀን ተውሼዋለሁ፣ አልጸጸትምም።

አማን ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነበር የምሠራው። መስኮት የላትም፣ ጣሪያዋ ያፈሳል፣ ካርዶቹን በላስቲክ ሸፍነን ነው የምንሠራው፤ ለሁለት ሴቶች አንድ ወንበር። ሌላ ወንበር ብንጠይቅ የአስተዳደር ኃላፊው ሥራ ቆሞም ይሠራል አለን። ዋናው ቂሜ ግን እሱ አይደለም።

ከገጠር የሚመጣ ሕመምተኛ የካርድ ቁጥሩ የተጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት ይዞ አይደርስም፤ ዝናብ ኪሱ ውስጥ ያሟሟታል። እኛ ታዲያ የአባቱን ስም፣ ቀበሌውን፣ ባለፈው ማን ይዞት እንደመጣ ጠይቀን ካርዱን እናወጣለን። ኃላፊው ይሄ ሰልፉን ያጓትታል ብሎ “ያለ ካርድ ቁጥር ማንም አይስተናገድ” የሚል ደብዳቤ በራችን ላይ ለጠፈ። አልሰማሁትም። ሁለት ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ፤ ሦስተኛው ከሥራ ያስወጣል። ሁለት ልጆች ብቻዬን የማሳድግ ሴት ነኝ፣ ፈራሁ።

በዚያው ሳምንት አንዲት ነፍሰ ጡር እግሯ አባብጦ ለክትትል መጣች። ቁጥር የላትም። መልኳን አውቀዋለሁ፣ ካርዷ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለም አውቃለሁ። ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ቁጥርሽን ፈልገሽ ነይ አልኳት። በቤንችኛ አንድ ነገር አጉረምርማ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። ባሰብኳት ቁጥር መጀመሪያ እሱን እረግማለሁ፣ ቀጥዬ ራሴን።

ወር ሳይሞላ ወባ ጣለውና ኃላፊው ራሱ በጋቢ ተጠቅልሎ መጣ። ባለፈው የጎዳው መድኃኒት ካርዱ ላይ ስለተጻፈ ሐኪሙ ካርድህን አምጣ ብሎታል። ወንበሩ ላይ የመቀመጥ ተራው የኔ ነበር፤ አልተነሳሁለትም። ሕመም ቆሞም ይታመማል።

“ካርዴን አውጪልኝ እስቲ።”

“ቁጥርዎ ስንት ነው?”

“አታውቂኝም እንዴ?”

“አሳምሬ አውቅዎታለሁ። ደብዳቤው ግን ማንም ነው የሚለው።”

የሥራ ጓደኛዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ በሩን ሲደገፍ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ልዋሽ አልችልም። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው የሚሉት ለካ እንዲህ ላለው ነው።

ብዙ ካቅማማ በኋላ እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ራሱ በለጠፈው ደብዳቤ ግርጌ፣ ቁጥር የሌለው በስሙ ተፈልጎ ይስተናገድ ብሎ ጻፈ። የኔ ማስጠንቀቂያዎችስ አልኩት። ተነስተዋል ብሎ ጨመረና ፈረመ። ፊርማው ጠማማ ነው፤ ምንም አይደል፣ ይነበባል።

ካርዱን ለመፈለግ አልተነሳሁም። ከኮሪደሩ ጫፍ ሲመጣ ሳየው ነበር ያወጣሁት፤ ያን ሁሉ ጊዜ ጭኔ ላይ ነበር። ከሥሩ የዚያች ሴት ካርድ አለ፣ ምናልባት ብትመለስ ብዬ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ ከአጠገቤ ያላራቅኩት። የሱን ሰጠሁት። የሷን ይዤ ቀረሁ።