የሽፋኑ ፎቶ

ሰውየው ከኦሞራቴ ሲመጣ የለበሰው አቧራ ገና አልተራገፈለትም። ሰፊ ኮት ለብሷል፤ ወንበር ቢቀርብለትም ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጠ። በጎርፍ ለተፈናቀሉት የመንደሩ ሰዎች እርዳታ የሚጠየቅበት ብሮሹር ሊያሠራ ነው ጂንካ የወጣው። የማተሚያ ቤቷ ባለሙያ ዮርዳኖስ፣ ካመጣቸው ፎቶዎች ውሃ ውስጥ ቆማ የምታለቅሰውን ልጅ መርጣ ሽፋኑ ላይ አደረገቻት።

«አንድ ትልቅ ፎቶ፣ ጥቂት ቃል። ያየው ሁሉ ልቡ ይነካል» አለችው።

ሰውየው ፊቱን ከስክሪኑ ወደ በሩ መለሰ። «ሌላ አይሆንም?»

«እንደዚህኛው የሚያሳዝን የለም፣ ጋሼ።»

ሰውየው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አቆላለፈ።

«እሺ፣ አትሚ። ሰው እህል ይፈልጋል» አለ በመጨረሻ። «ወደ ቤቴ ግን አንድም አልወስድም። እናቷ ጎርፉ ከወሰዳት ወዲህ እስካሁን ወንዝ ዳር ትፈልጋታለች።»