ነኢማ ስትተረጉም

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ስትነካካ፣ ድምፁን አጥፍታው ኖሮ፣ ነጭ የለበሰች ቀጭን ሴት በእግሯ ጣቶች ጫፍ ቆማ እጆቿን ወደ አንድ ሰው ዘርግታ ወደ ኋላ ስትሸሽ ከትከሻዋ በላይ አየሁና፣ የምለቅመው ምስር ከነትሪው ሊደፋብኝ ምንም አልቀረው። «አክስቴ፣ ይቺ ምን ሆና ነው?» አለችኝ። ታሪክ ስጠየቅ እንደማልሰስት ታውቃለች። «እኔ ምን አውቄ!» ብዬ ወደ ምስሬ ዞርኩ፤ ልጅቷ ገርሟት ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ ግን በሐሳቤ አሰበ ተፈሪ ነበርኩ፤ ዛሬ ጭሮ በሚሏት ከተማ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ በቅናት እየተንጨረጨርኩ።

ቅናት ስል የዋዛ እንዳይመስላችሁ። ሰው ነውሩን ይደብቃል፤ እኔ ግን ከእንግዲህ ምን እሆናለሁ፣ ልናገረው። ነኢማ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። በዕድሜ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ ጎረቤቴ ናት፣ ክፍል ውስጥ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው፣ ከእኔ ላይ ኮርጃ ነው የምታልፈው፤ አንደኛ እኔ፣ ሠላሳ ምናምነኛ እሷ። ሰፈር ስንገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከበር እስከ በር «ነኢማ፣ ነኢማዬ፣ ነይ እስቲ» ነው፤ እኔን «ከነኢማ ጋር የምትሄደዋ» ይሉኛል። ሰው ሲጸልይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል። እሷ እንኳ አላጣችም፤ እኔ ነበርኩላት።

ምክንያቱ ቪዲዮ ነው። የነኢማ ቤተሰቦች ከስልጤ መጥተው የሰፈሩ ነጋዴዎች ናቸው፤ ከፊት ስኳርና ሳሙና፣ ከጓዳ ደግሞ ከጅቡቲ በባቡር ሚኤሶ ደርሶ፣ ከሚኤሶ ወዲህ በማይጠየቅ መንገድ የሚገባ ጨርቅ ይሸጣሉ። የቪዲዮ ማጫወቻውም የገባው እንዲሁ ነው። እናቷ እትዬ ሩቂያ በፎጣ ጠቅልለው፣ ሕፃን አስመስለው አዝለውት፣ ኬላው ላይ ኮንትሮባንድ የሚፈትሸው ፊናንስ «ልጁ ከብዷል» ቢላቸው «አባቱን መስሎ ነው» ብለው እሹሩሩ እያሉ አለፉ ይባላል። ያን ጊዜ እንደዚያ ተጫዋች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ ልጃቸው ከድር ጫት ተራ ቆሞ በአፈሳ ተወስዶ ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ የተላከው። አንዲት ደብዳቤ መጣች፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁ ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እሳቸው ቤት ግን ስሙን የሚያነሳ የለም።

እሑድ እሑድ የቀበሌው ስብሰባ ሲያበቃ ሴቱ ሁሉ እነነኢማ ሳሎን ይታጨቃል። መጋረጃው ይዘጋል፤ አባትየው በር ላይ ተቀምጠው ፊናንስ እንዳይመጣ ይጠብቃሉ፤ የምትቅመው ትቅማለች፣ የምትፈትለው ትፈትላለች፤ እኛ ልጆች ምንጣፉ ላይ እንደ ጎመን ተደራርበናል። ፊልሙ ሁልጊዜ የሕንድ ነው። ሕንድኛ የምታውቀው ደግሞ ነኢማ ብቻ ናት፤ ድሬዳዋ ያለው አጎቷ ከሕንድ ነጋዴ ጋር ስለሚሠራ፣ «እኔም ክረምት ክረምት ስሄድ ተምሬያለሁ» ትላለች። ማን ይፈትናታል? ቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ጉብ ብላ፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ለወንዱ ድምፅዋን አጎርንና ለሴቷ አቅጥና ትተረጉማለች። ከመሰላ የመጡት አደ ዘይነባ አማርኛው ሲያመልጣቸው «ማል ጄቲ? ምን ትላለች?» ይላሉ፤ ለእሳቸው በኦሮምኛ ትደግማለች። ሠላሳ ሴት አፍ አፏን ያያል። እኔ በቅናት ጥፍሬን እበላለሁ።

ትርጉሟን ደግሞ ብትሰሙት! ሰውየው ደረቱን በጥይት ተመቶ ተዘርሯል፤ ነኢማ «ትከሻውን ነው፣ ይድናል» ትላለች። ሬሳውን እንጨት ላይ አጋድመው እሳት ሲለቁበት እንኳ «የእነሱ ደመራ ነው» ብላ እርፍ! ልጁስ? ቦምቤይ ሄዷል። እናትየዋ ለምን ፀጉሯን ትነጫለች? ደስ ብሏት ነው። ውሸት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን የትኛዋ ሴት ናት ለቅሶ የማታውቅ? ማንም ትንፍሽ አይልም። በመጨረሻ እትዬ ሩቂያ ቀስ ብለው «ተመለሰ አይደል?» ይላሉ፤ ነኢማ «አዎ እማዬ፣ ተመለሰ» ትላለች፤ እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ትኩስ ሻይ ሊያመጡ ይነሳሉ። እኔ ይሄን ሁሉ እያየሁ የሚታየኝ የበርጩማው ነገር ነበር፤ እኔ ብቀመጥበት እንዴት አድርጌ በተናገርኩ!

ከዚያ አንድ እሑድ ከድሬዳዋ አዲስ ካሴት መጣ። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ሕንድ፣ በጣም የሚያሳዝን» የሚል ተጽፎበታል። ጉድ እኮ ነው፤ በኋላ ሳስበው ጅቡቲ ውስጥ አንድ ሰው ከፈረንሳዮች ቴሌቪዥን ላይ ለቤቱ የቀዳው፣ ባሌት የሚሉት ያለ ንግግር የሚጨፈር የፈረንጅ ጨዋታ ሳይሆን አይቀርም። መጋረጃ ተከፈተ፣ ሙዚቃ ተነሳ፣ ሰዎቹ መጨፈር ጀመሩ። የሕንድም ፊልም በዘፈን ይጀምር የለ፤ ጠበቅን። አሁን ያወራሉ ስንል ይዞራሉ፣ አሁን ያወራሉ ስንል ይዘላሉ። አባትየው ከበር ተነስተው መጥተው «ንግግሩን በላው» እያሉ ማጫወቻውን ሁለት ጊዜ በጥፊ አጮሉት። ልጅቷ ቀሚሷ እንደ ዣንጥላ ወገቧ ላይ ተዘርግቷል፤ ወንዱ እግሩ ላይ የተለጠፈ ነገር ብቻ አድርጎ ብቅ ሲል አደ ዘይነባ «ያ ረቢ!» ብለው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ፤ በሻሻቸው ሥር ግን ሲያዩ አይቻቸዋለሁ። ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ወደ ነኢማ ዞረ። ቃል የለ፣ ምን ትተርጉም? ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ፤ አግዢኝ ማለቷ ነበር። እኔ ግን ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ከምንጣፉ ተነሳሁና ሳልጠየቅ ጀመርኩ፤ «ይቺ እናት የሌላት ናት፤ ምንጭ ወርዳ ነው ልጁን ያገኘችው፤ ቃል ኪዳን እየተገባቡ ነው...» ለካ እኔም አፍ አለኝ! እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሲያደርጉ ምን እንዳሉ፣ አንገቷን ስትሰብር ምን እንደፈራች፣ ሁሉን አየሁት፤ የማላየውንም ጨመርኩ። ቦት ጫማ ያደረጉ ሰዎች መጥተው ልጁን ከመሐል ጎትተው ሲወስዱት ሴቶቹ እንዝርታቸውን አቆሙ። እናቴ እንኳ፣ በኩራት ይሁን በፍርሃት እንጃ፣ ዓይኗ ፈጠጠ። ሰው እንዲህ ሲያዳምጥ እንዴት ደስ እንደሚል ያወቅሁት ያኔ ነው።

ወደ መጨረሻው መድረኩ ጨለም አለና ነጭ የለበሱ ሰዎች በጭስ መሐል ተሰልፈው ገቡ፤ ልጁም ነጭ ለብሶ ከመሐላቸው ወጣ። ነኢማ እንደ እሳት ከበርጩማዋ ብድግ አለች። «ተመለሰ! ሰርጋቸው ነው፤ ነጭ የለበሱት ሚዜዎች ናቸው፤ እማዬ፣ ተመልሷል!» አለች። እትዬ ሩቂያ ፊታቸው በራ። እኔ ግን ጆሮው ሁሉ ከእኔ ወደ እሷ ሲሄድ አየሁ፤ ያንን አልቻልኩም። ከእሷ በላይ ጮኼ «ውሸቷን ነው!» አልኩ፤ «ሞቷል! ጦር ሜዳ ነው የሞተው። ነጩ ከፈን ነው፤ ሁሉም ሙታን ናቸው። አታዩም እንዴ፣ ልታቅፈው ስትል እጇ ባዶውን ሲመለስ? እናቱ እንኳ አልቀበረችውም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እናት የምትባል ሴት እዚያ ጭፈራ ውስጥ አልነበረችም፤ እኔ ነኝ ያመጣኋት። ሴቶቹ አለቀሱ፣ ማልቀስ እንኳ አለቀሱ፤ አንዲት አፍታ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አሸነፍኳት ብዬ ደስ ብሎኛል። ከዚያ እትዬ ሩቂያ የያዙት የሻይ ብርጭቆ ወደቀ። «ከድርዬ!» አሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ ቃል የሌለው ጩኸት ሆነ። ነኢማ ሮጣ ጭንቅላታቸውን ደረቷ ላይ ይዛ «ውሸት ነው እማዬ፣ ጭፈራ ነው፣ ፈረንጅ ነው» ትላለች፤ አይሰሟትም። እናቴ ክንዴን ይዛ እየጎተተች አወጣችኝ፤ ደጅ ስንደርስ ትመታኛለች ስል እሷም ታለቅስ ነበር።

በሳምንቱ እትዬ ሩቂያ ለልጃቸው ሰደቃ አወጡ። ሼኹ መጥተው መርዶ ሳይመጣ ተስፋ አይቆረጥም፣ አላህ ያውቃል ብለው መክረዋቸዋል፤ እሳቸው ግን «ነጭ ለብሶ አይቼዋለሁ» ብቻ ነው መልሳቸው። ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ሂርና ያሉ ዘመዶች ሳይቀሩ መጥተው ተቀመጡ፤ መሞቱን ማንም ላልነገረን ልጅ ተለቀሰ። ቪዲዮው ተሸጠ። ሴትዮዋ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ስኳር ሲመዝኑ አይቻቸው ነበር፤ ደንበኛ ሲቀልድላቸው ቀና እንኳ አይሉም።

ነኢማ ክፍል ውስጥ ወንበር ቀየረች። ከወር በኋላ ቦኖው ጋ ውሃ ስንጠብቅ ተገናኘን፤ ልትሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጀሪካኗን አስቀመጠችና ረጋ ብላ «አንቺ ከእኔ በጣም ጥሩ ትናገሪያለሽ» አለችኝ። «እኔ ግን የምናገረው ለእናቴ ነበር። ማታ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።» ውሃዋን ቀድታ ሄደች። ክረምቱ ሲገባ ሱቁን ዘግተው፣ ዕቃቸውን ጭነው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የት እንደደረሱ አላወቅሁም።

መንግሥት ሲለወጥ ወታደሮቹ ተበትነው፣ ቡትቷቸውን ለብሰው፣ በእግርም በመኪናም በከተማችን ሲያልፉ ስንት ቀን መናኸሪያ ቆሜ ፊት ፊታቸውን እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ከድር አልመጣም። መርዶውም አልመጣም። እኔ ያልኩት ልክ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ልክ ቢሆንም እኮ ለእትዬ ሩቂያ በጥቂት በጥቂቱ የሚደርስ እንጂ እኔ በአንድ እሑድ የምደፋው አልነበረም።

እኔ መምህርት ሆንኩ። ሠላሳ ዓመት ያህል ልጆች ፊት ቆሜ አወራሁ፤ «እሷ ስትናገር ዝንብ አይጮህም» ይሉኛል፤ የተመኘሁትን ጆሮ ሁሉ አግኝቻለሁ። ግን አንድም ቀን፣ አንዲት ሴት እንቅልፍ ይውሰዳት ብዬ፣ ቤት ሙሉ ሰው ፊት ውሸታም ለመባል ደፍሬ አላውቅም። ነኢማ በአሥራ ሦስት ዓመቷ በየሳምንቱ ታደርገው ነበር። ስሟ ሲነሳ አሁንም ደረቴን አንድ ነገር ይቆነጥጠኛል። ጸጸት ነው እንዳልል ጸጸቱን አውቀዋለሁ፤ ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ስግደቴን ሰግጃለሁ። ይሄ ቅናት ነው።