አስተያየት የሚለው ዓምድ

መዝጋቢው በተራራው ፓርክ መግቢያ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ውስጡን ግን አይቶት አያውቅም፤ ሥራው ጠዋት የሚገቡትን፣ ማታ የሚወጡትን መመዝገብ ነው። የሚወጣው ሰው ሁሉ ጫማውን እያራገፈ «አስተያየት» በሚለው ዓምድ ሥር ያንኑ ይጽፋል፤ «በቃላት አይገለጽም»።

ይሄ ነገር ያንገበግበዋል። «ስንፍና ነው» ይላል ለሚስቱ። «የተማረ ሰው ሙሉ ቀን ተራራ ላይ ውሎ አንድ መስመር እንዴት ያቅተዋል? አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው እኮ።»

«አንተ ሄደህ ጻፈዋ» አለችው አንድ ቀን፣ ሽንኩርት እየከተፈች።

ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ሁለት እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ተነሣ። ሚስቱ ከፊት፣ እሱ ጉልበቱን እየረገመ ከኋላ፣ እስከ ቀትር ዳገቱን ወጡ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ደመናው ከእግራቸው ሥር ተከፈተ። መዝጋቢው ባርኔጣውን አወለቀ። ሚስቱ ነጠላዋን ሰብስባ ከጎኑ ቆመች።

አመሻሹ ላይ አዲሷ መዝጋቢ መዝገቡን አዞረችለት። «ጋሼ፣ አስተያየት።»

እስክሪብቶውን አወጣ። አሰበ። ሁለተኛውን ሞከረ። ከኋላው ሰልፍ ሆነ።

«ኧረ ሰው ቆሟል» አለችው ሚስቱ።

ከበላዩ ባለው መስመር አንድ ተማሪ «በቃላት አይገለጽም» ብሎ ጽፏል። መዝጋቢው መነጽሩን አስተካክሎ፣ በዚያ በሚታወቅበት ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ፣ «ከላይ እንደተገለጸው» ብሎ ጻፈና ፈረመ።