የሆቴሉ ዘይት በእናቴ አናት ላይ

ድንቄም ውበት! የሚረጋ ዘይት ተቀብቶ ያማረ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። በዚያ ሰሞን ግን ላሊበላ ውስጥ ስለዚህ ዘይት የማታወራ ሴት አልነበረችም፤ ከሁሉ የባስኩት ወሬኛ ደግሞ እኔው ነበርኩ።

ጊዜው ባጃጅ ዳገታችንን እያቃሰተ መውጣት የጀመረበት፣ በየጉብታው ሆቴል የሚሠራበት፣ ስብሰባና ሥልጠና የማይጠፋበት ዘመን ነው። ዘይት በቀበሌ ወረፋ ይታደላል። የሚታደለውም ያ ነጩ፣ በእኛ አገር ብርድ ጠዋት ጠዋት ድርቅ ብሎ በማንኪያ የሚፋቀው ነው። እኔ የምሠራበት ሆቴል ይህንኑ ዘይት በትልልቅ ቆርቆሮ ያስመጣል። ፈረንጅ የድንች ጥብስ ካልበላ ውቅሩ ቤተ ክርስቲያን አይታየው ይመስል፣ ጠዋትም ድንች ማታም ድንች ነው። እኔ ድንች ላጭ ነበርኩ። የሚጠብሰው ሼፉ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ነጭ ቆቡን ለመኝታም የሚያወልቀው የማይመስል፣ አገሬውን ሁሉ በአፍንጫው የሚያይ ሰው። ከጥብሱ የተረፈውን ዘይት በጨርቅ ያጠልልና እንዲረጋ ጓሮ ያስቀምጠዋል።

አንድ ቀን ቀበሌው ሴቶችን ለሥልጠና ጠራ። ጥፍሯን ቀይ የተቀባች አሠልጣኝ ፊታችን ቆማ፣ “እናቶች፣ የተረፈ ዘይት አይደፋም!” አለችን። ከዚያማ ማን ያስቁማት። ከንፈር ቢቀቡት ይወዛል። የተሰነጠቀ ተረከዝ ያለሰልሳል። ኩል ያስለቅቃል፣ ከጣት አልወጣ ያለ ቀለበት ያወጣል፣ የሚጮህ በር ዝም ያሰኛል፣ ጫማ ያበራል፣ ማረሻ ከዝገት ያድናል፣ ጸጉርማ አይነሳ! በቃ፣ ሙት ማስነሳት ነው የቀረው። የእሷ እጅ የሚሸተው ግን ሌላ ነው፤ የውጭ አገር ክሬም ተቀብታ ነው ለእኛ የድንች ዘይት የምታዝዝልን። ፈርመን፣ ለስላሳችንን ጠጥተን ተበተንን።

በማግስቱ የሆቴሉ ጓሮ በር ጣሳ በያዙ ሴቶች ተሞላ። ሼፉ ቆቡን አስተካክሎ፣ “የድንች ብቻ ነው፣ ንጹሕ ጾም ነው፣ ውሰዱ” ይላል። አዳይዋ እኔ ነኝ። ማንኪያ ይዤ እንደዚያ ስንጎራደድ ያየኝ ሰው ሆቴሉ የአባቴ ነው ባለ። እያደልኩም እንቃቸዋለሁ። ጎረቤታችን በሯን፣ የባሏን ጫማና የገዛ ጸጉሯን ከአንድ ጣሳ ስትቀባ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ መንገድ በወጣች ቁጥር የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይከተላታል። ሆዴን ይዤ ነበር የሳቅሁት። ውሾቹ ምን እንደሸተታቸው ግን አንዴም አላሰብኩም፤ ብልጥ ነኛ!

እናቴን ነገር ውስጥ ያስገባኋትም በዚሁ ብልጠቴ ነው።

እናቴ በዚያ ዓመት ለፋሲካ ልትቆርብ ቆርጣ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሐሳቧ ሁሉ ቁርባኑ ብቻ ሆኗል። የንስሐ አባቷም እሺ ብለዋታል፤ ለዚያች ቀን የሚሆን ነጠላ አስፈትላ አሠርታ፣ አጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለች። ሁዳዴን ስትጾም አይጣል ነው። ምግቡ ይቅርና ቅቤ ለአናቷም አታስጠጋም። ሌሎች ሴቶች እንዲህ አይጨነቁም፣ ካህናቱም ይህን ያህል አያጠብቁም፤ እሷ ግን “በአፌ ያልቀመስኩትን በራሴ ተሸክሜ አልዞርም” ብላለች፣ ብላለች። ያለ ቅቤ ደግሞ ራሷን ይፈልጣታል። እጇን ግንባሯ ላይ ጭና ስታቃስት ስሰማ እበሳጫለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ ያበሳጨኝ ሕመሟ ብቻ አልነበረም። በፍስኩ ጊዜ የምትቀባው ቅቤ ሽታ ያሳፍረኝ ነበር። ሆቴል ድረስ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ፈረንጆቹ ሳያዩዋት በጓሮ በር አስገባታለሁ። እናቴን! ድንች ላጯ እኔ!

እናም ከዚያ ዘይት አንድ ቆርቆሮ አመጣሁላት። አደስ ወቅጬ አሸሁበትና የቅቤ ሽታ የሌለበት፣ አደስ አደስ ብቻ የሚል ቅባት ሆነ።

“ከእንስሳ አልወጣም?” አለችኝ።

“ከዛፍ ፍሬ ነው እማዬ። ጾም ነው።”

“ሌላ ነገርስ አልነካውም?”

“ድንች ብቻ። እኔ ራሴ አይደል የምልጠው?”

አመነችኝ። አናቷ ላይ ቁጭ ሳደርግላት ዓይኗን ጨፍና “እሰይ የኔ ዓለም፣ ዐረፍኩ” አለች። ራስ ምታቱም ለቀቃት። እኔም ደረቴን ነፍቼ በየሰፈሩ አወራሁ።

የሕማማት ሰኞ ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ ሼፉ በዚያው በድንቹ ድስት የዶሮ እግር እየጠበሰ ነው። ክው አልኩ።

“ይሄ የጾሙ ድስት አይደለም እንዴ?”

“ዘይት ዘይት ነው” አለ፣ ዞር ብሎም አላየኝ። “ፈረንጅ ይጾማል እንዴ? ደግሞ ዛሬ የጀመርኩት መሰለሽ?”

“ታዲያ ለሴቶቹ ጾም ነው ያልከው?”

“ጸጉራቸውን ነው የሚቀቡት፣ አይበሉት። ሂጂ ድንችሽን ላጪ!”

ሂጂ ሲለኝ ሄድኩ፣ ላጥኩም። እስከ ማታ በሆዴ ስሰድበው ዋልኩ፤ በአፌ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ቤት ስገባ እናቴ ሣጥኗን ከፍታ ነጠላውን እያየች ነበር። ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩና “ራት በላሽ?” አልኳት። ማክሰኞም አልነገርኳት፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም። ጸጉር ላይ ያለ ነገር ምን ኃጢአት አለው፣ የአሮጊት ጭንቀት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ዋናው ግን ሌላ ነው። ያን ያህል ያወራሁለት ዘይት የዶሮ ዘይት ሆኖ መገኘቱን በገዛ አፌ መናገር ሞቴ ነበር። ለዚች ኩራቴ ስል የእናቴን ቁርባን አስያዝኩ። ሼፉን እንቀዋለሁ እላለሁ እንጂ፣ ከእኔ እሱ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ እናቱ አይደለችም።

አርብ ስቅለት አብረን ሄድን። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው በሰው ላይ ነው፤ ስግደቱ ሲጀመር ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እናቴ ከእኔ ፊት ትወድቃለች፣ ትነሣለች፣ ትወድቃለች። ስድስት ሰዓት ገደማ ዘይቱ ቀለጠ። መጀመሪያ አደሱ ሸተተ። ቆየት ብሎ አደሱ ጠፋና በዚያ ሁሉ የተራበ ጾመኛ መካከል የተጠበሰ ዶሮ ሸተተ! ከጎናችን ያሉት ሴቶች እየተያዩ አፍንጫቸውን ሸፈኑ። አንዷ “ኧረ በስመ አብ! በዛሬ ቀን ማን ነው ሥጋ የሚጠብስ?” አለች።

እናቴ ከስግደቱ ተነሥታ ቆመች። ዘይቱ በግንባሯ ወርዶ ቅንድቧ ላይ ደርሷል። በጣቷ ጠረግ አድርጋ አሸተተችው፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞረች።

“ምንድን ነው የሚሸተኝ?”

“ከሆቴሉ ነው መሰለኝ፣ ነፋሱ...”

“ነፋስ የታለ?”

እሷ ጣቷን አፍንጫዬ ሥር አደረገችው።

“ታውቂ ነበር?”

ያኔ እንኳ ማምለጫ ነበረኝ። አዎ ብል ትቆጣኛለች፣ ታለቅሳለች፣ በቃ ይህ ነው። እኔ ግን በስቅለት፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሜ፣ “በማርያም አላውቅም!” አልኩ።

አየችኝ። ፊቷ ተፈታ፣ ደስ ያላት ሁሉ መሰለኝ።

“እንግዲያስ ደግ ነው” አለች። “አንቺ ካላወቅሽ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው።”

ስግደቱ ሲያበቃ ሰው ሁሉ ለንስሐ አባቱ ሲሰለፍ እሷም ተሰለፈች፤ እኔ ከኋላዋ ሆኜ ሰማሁ። “አባ፣ ጾሜን በእጄ አጎደፍኩ። የማላውቀውን ነገር ተቀባሁ።” ካህኑ፣ “ሳታውቂ ከሆነማ ቀላል ነው ልጄ” ቢሏት እምቢ አለች። አጥብቄ መጠየቅ ነበረብኝ፣ ይቅጡኝ ብላ ቆመች። ማን እንደሰጣት ሲጠይቋት ስሜን አልጠራችም። በመጨረሻ ቁርባኑ ለከርሞ እንዲቆይ፣ ሃምሳው ቀን ካለፈ በኋላ ደግሞ በሐዋርያት ጾም በየቀኑ እንድትሰግድ አዘዟት። በወይራ ቅጠል መታ መታ አድርገው አሰናበቷት። እኔ ሳልሰለፍ ወጣሁ።

ለፋሲካ አሮጌ ነጠላዋን ለብሳ አስቀደሰች። ቆራቢዎቹ ሲያልፉ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችላቸው። አዲሱ ነጠላ ከሣጥን አልወጣም።

ሃምሳው ቀን አልፎ የሐዋርያት ጾም ሲገባ ስግደቷን ጀመረች። በዚያ ዕድሜ፣ በሰኔ ብርድ፣ በጭቃ መሬት ላይ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጉልበቷ ሲንቋቋ እሰማለሁ፤ ነገ እነግራታለሁ እልና ተሸፋፍኜ እተኛለሁ። አንድ ቀን አላጓደለችም። ጾሙ ሲፈታ ጉልበቷ አብጦ መቀመጫ ላይ በድጋፍ ነበር የምትቀመጠው።

“ያ ዘይትሽ ተርፏል?” አለችኝ።

“ልደፋው ነበር።”

“ምን በወጣው ይደፋል! አሁን ፍስክ ነው፣ ምንም አይለው። በይ ጉልበቴን እሺኝ።”

ቆርቆሮውን ከበር ኋላ አመጣሁ። እሳት አስጠግቼ አለሰለስኩትና ቀሚሷን ከፍ አድርጌ ማሸት ጀመርኩ። ቆዳው ተልጦ ጠቁሯል። ስነካት ትሸማቀቃለች፣ ግን አላቃሰተችም። አሁን ንገሪያት አልኩ በልቤ፣ አሁን! አንገቴን ደፍቼ ማሸቴን ቀጠልኩ። እናቴ ራሴ ላይ እጇን ጫነችና “እጅሽ ይባረክ” አለችኝ።