በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ

መጀመሪያ ሙሉ የምትባለው እህቴ ክንዷ በለዘ። ማንም አልመታት፣ የትም አልወደቀች። ሳምንት ሳይሞላ ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ መድማቱን አላቆም አለ። "ቫይታሚን አንሶሽ ነው" አልኳት፤ መቼም እኔ የማላውቀው የለ! ዴንቨር ሆስፒታል ስንሄድ ሉኪሚያ አሉን፤ የደም ካንሰር።

አየር ማረፊያ ዊልቸር የምገፋበትን ሥራ ትቼ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ያለው እሷ አፓርትመንት ገባሁ፤ አስታማሚ ሆንኩ። ከሁለተኛው ዙር ኬሞ በኋላ ወደ ቤት ሲሸኙን ሐኪሟ ለብቻዬ አቁማ፣ "ኒውትሮፊሏ፣ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴሏ፣ በጣም ወርዷል። ሁለት ሳምንት ጠያቂ እንዳይገባ። ጉንፋን ሊገድላት ይችላል" አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ያቅታል!

እሑድ ስድስት ሰው መጣ። እትዬ ዘውዴ፣ የሰፈሩ ሐበሾች ሁሉ ታላቅ፣ አጥሚት ይዘው ከፊት ቆመዋል። ሐኪሟ ከልክላለች ብዬ ጀመርኩ።

"እግዜር ይማርሽ ብለን እንወጣለን። እኛም እንግዳ ሆንን?" አሉኝ።

ሙሉም ከመኝታ ቤት፣ "ሰው በር ላይ ታቆማለህ እንዴ? አታሰድበኝ!" አለች።

ይሉኝታ ያዘኝ። ከፈትኩ። ሁሉም አገላብጠው ሳሟት። አንዷ ታስል ነበር። ሰማሁ። ወንበር አቀረብኩላት።

በሦስተኛው ቀን አተኮሳት። ተንቀጠቀጠች። ስሜ ጠፋባት። አምቡላንስ ጠራሁ። የሳንባ ምች አሉ። ከዚያ ሴፕሲስ፤ ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቶ መላ ሰውነቷን መረዘ። አይ ሲ ዩ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች። ጉሮሮዋ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ አስገቡ።

"ሰው ገብቶ ነበር?" አለች ሐኪሟ።

"አዎ።"

መዝገቡ ላይ ጽፋ ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ቱቦው ወጣላት፤ ከዚያ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ፣ ቀጥሎ እኔን ተደግፋ እስከ መስኮቱ መራመድ፣ ከብዙ ወር በኋላም ከነድካሟ የራሷን ወጥ መሥራት ጀመረች። ኬሞውን ጨርሳ ካንሰሩ ጠፋላት፤ እስካሁን አልተመለሰም። ሳንባዋ ግን ተጎድቶ ቀርቷል፤ አራት ደረጃ ወጥታ ታርፋለች። "ክፈት ያልኩህ እኔ ነኝ" ትለኛለች ልታጽናናኝ። አልጽናናም። ሐኪሟ የነገረችው ለእኔ ነው።

ቀን ከሌት ያገላበጧትን ነርሶች እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ ዘውዴንም አመሰግናለሁ፤ ነገሩን ሲሰሙ አለቀሱ፤ ከዚያ ወዲያ አጥሚቱን ደጅ አስቀምጠው በስልክ ይጠይቋት ነበር። ለካ ቢነገራቸው ይገባቸው ኖሯል!

እናንተም የምታስታምሙ፣ ሐኪም ጠያቂ ከከለከለ ቀድማችሁ ደውላችሁ ለሁሉም ንገሩ፤ ፊት ለፊት ሲሆን አንደበት ይታሰራል። የሚቀየም ይቀየም። የተቀየመ ሰው ሽማግሌ ተልኮበት ይታረቃል። ሴፕሲስ ሽማግሌ አይሰማም።