መስታወት ወልዋዩና እናቴ

ወረታ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል አስተምር በነበርሁበት ዘመን ሊያገባኝ የሚፈልግ አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ተማሪዎቹ ሲበተኑ ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ እንቀመጥና አንድ የባሕር ማዶ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ እየመለሰ ይተርክልኝ ነበር።

ታሪኩ በነጮች ቤት መስታወት ስለሚወለውል ጥቁር ሰው ነው። እመቤቲቱ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ ጌታው ከረባቱን ያስተካክላል፤ ሰውየው ከኋላቸው ጨርቁን ይዞ ቆሞ ማንም አያየውም። «መስታወቱ ምልክት ነው» ይለኛል። «የራሳቸውን መልክ ብቻ ነው የሚያሳያቸው። ያጸዳው ሰው ግን ለነሱ የለም። ገባሽ?» ዓይኑ እንባ ያቀርራል። አይ እኔ! እንዴት አይገባኝ?

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። የፎገራ ሰው በእንስራዋ ውኃ ይቀዳል፣ በድስቷ ወጥ ይሠራል። እሷ ግን በሰው ደጅ ውኃ ስትለምን ዕቃ አይሰጧትም፤ እፍኟ ላይ ያፈሱላታል። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ይባላል፤ ለእናቴስ ገሉም አልተገኘላት። ልጅ ያዘለች ሴት በፊቷ ስታልፍ ቡዳ ናት ብላ የልጇን ፊት በነጠላ ትከልላለች። እኔ ጎንደር አክስቴ ዘንድ ስላደግሁ የማን ልጅ እንደሆንሁ ወረታ ላይ የሚያውቅ አልነበረም። እሱም ጠይቆኝ አያውቅ።

መጽሐፉን ሲጨርስልኝ ልቤ ሞላ። በዓይኑ ላላየው ሰው ያለቀሰ እናቴን አይንቅም ብዬ «ሽማግሌ ከመላክህ በፊት እናቴን እያት» አልሁት። ደስ አለው።

በገበያ ቀን ሸክላ ወደምትሸጥበት ወሰድሁት። ፋሲካ ካለፈ ብዙ አልቆየም። አስቀድሜ ነግሬያት ስለነበር ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከሸክላዎቿ ኋላ ተቀምጣ ጠበቀችን። «እናቴ እሷ ናት» ስለው አንዴ እሷን፣ አንዴ እንስራዎቹን አየ።

እጅ ነሣ፤ ክፉ ቃልም አልወጣውም። እናቴ ማንም ያልጠጣበት አዲስ ጽዋ አነሣች፣ ደጋግማ አለቀለቀችው፣ ጠላ ቀዳች። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና በሁለት እጇ ይዛ «ይቅመሱልኝ፣ ጌታዬ» አለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ። ጾመኛ ነኝ።»

በበዓለ ሃምሳ! ረቡዕና ዓርብ እንኳ በሚበላበት፣ ቄሱ ሳይቀር ጮማ በሚቆርጥበት ወቅት! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይኸው ነው። አጠገባችን እንቁላል የምትሸጥ ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

ሽማግሌም አልመጣ፣ እሱም ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፣ ይቅናው። የእሱ መቅረት ቶሎ ወጣልኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እናቴን ማስዋቤ ነው። ሰው እንዲያያት ፈልጋ የማታውቅን ሴት፣ አንድ መጽሐፍ አምኜ ነጭ አስለብሼ አደባባይ ላይ አስቀመጥኋት።

እሷ ግን ያን ቀን አልተቆጣች። ጽዋውን ቀስ ብላ አጠገቧ አኖረች፣ ቀና ሳትል አንገቷን ደፋ አደረገች።

«እግዚአብሔር ጾምዎን ይቀበልልዎ» አለችው።

«አሜን» አለና ሄደ።